የልብ ምቴ በማን መዝገብ ነው ያለው?

ሐኪሟ የጠየቀችኝ ጥያቄ አንድ መስመር ነበር። ድካም አልለቅ ብሎኝ ነው የሄድኩት። የልብ ምቴን ለካች፣ ጻፈች፣ ከዚያ ቀና ብላ «ድሮም እንዲህ ነበር ወይስ አሁን ነው ከፍ ያለው? ባለፈው ዓመት በዚህ ወቅት ስንት አካባቢ ነበር?» አለችኝ። ስልኬን አወጣሁ። ለዓመታት የልብ ምቴን የሚቆጥር ነገር ከእጄ ተለይቶ አያውቅም፤ በመጀመሪያ የእጅ አምባር፣ ቀጥሎ ሰዓት፣ በቅርቡ ደግሞ ሌሊት ሌሊት የማደርገው ቀለበት። የአምባሩ መተግበሪያ የይለፍ ቃሌን አልቀበልም አለ። የሰዓቱ የዓመቱን በወር አማካይ ጨምቆ አንድ አረንጓዴ ቀስት አሳየኝ። ቀለበቱ ገና አዲስ ስለሆነ ያለፈውን ዓመት አያውቅም። ሐኪሟ ትንሽ ጠበቀችኝና «ግድ የለም» ብላ ደም እንድሰጥ አዘዘች።

የድካሙ ምክንያት በደም ምርመራው ታወቀ፤ ታከምኩ፤ አለፈ። ጥያቄው ግን ከራሴ አልወጣ አለ። ስተኛ ተቆጥሬያለሁ፣ ስነሳ ተቆጥሬያለሁ፣ ደረጃ ስወጣ፣ ስናደድ፣ ትኩሳት ሲይዘኝ ሁሉ ተቆጥሬያለሁ። ይህ ሁሉ ቆጠራ አንዲት ሐኪም ፊቴ ቁጭ ብላ ስትጠይቀኝ መልስ ካልሆነ ለማን ነው የተቆጠረው? «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚባለው እንዲህ ላለው ሀብት ነው።

ከዚያ ሰሞን ጀምሮ ላሟን ወደ ምድር የማውረድ ሥራ ያዝኩ። ይህ ጽሑፍ የአጫጫን መመሪያ አይደለም፤ እሱን በደንብ የጻፉ ሰዎች አሉ። መናገር የምፈልገው ቁጥሮቼን ሁሉ አንድ ቦታ ካመጣሁ በኋላ ስላየሁትና አስተሳሰቤን ስለቀየረው አንድ ነገር ነው።

መሰብሰቡ

አንድ ቦታ የምለው ቤቴ ያለ አነስተኛ ኮምፒውተር ነው። ሊኑክስ የተባለው ስርዓተ ክወና ተጭኖበታል፣ ሶፍትዌሮቹ እያንዳንዱን ለየብቻ በሚያስነሳው በዶከር ይሠራሉ፣ ቁጥሮቹ ፖስትግሬስ ዳታቤዝ ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ግራፉን ግራፋና ይስላል። የሁሉም ኮድ ለማንም ክፍት ነው። ለዚሁ ሥራ ተብለው የተሠሩ ፕሮጀክቶችም አሉ። ኦፕን ዌራብልስ የተባለው የብዙ ኩባንያዎችን መሣሪያዎች በአንድ ኤፒአይ (ሶፍትዌር ከሶፍትዌር መረጃ የሚጠይቅበት በር) ያገናኛል፤ ፈቃዱ ኤምአይቲ ስለሆነ የፈለገ ሰው ወስዶ በራሱ ሰርቨር፣ ማለትም መረጃ አስቀምጦ በሚያቀርብ ኮምፒውተር፣ ላይ ማስነሳት ይችላል። ጋጅትብሪጅ የሚባለው የአንድሮይድ መተግበሪያ ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ ይመጣል፤ ከአምባሩ ወይም ከሰዓቱ ጋር በብሉቱዝ በቀጥታ ይነጋገርና የአምራቹ መተግበሪያም አካውንትም ሳያስፈልግ ቁጥሩን ስልኩ ላይ ያስቀምጣል። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2015 ለፔብል ሰዓት ተብሎ ነበር የተጀመረው፤ ዛሬ ብዙ ዓይነት መሣሪያ ያውቃል።

የሚደክመው ነገር እያንዳንዱ ኩባንያ መረጃውን የሚሰጥበት መንገድ የተለያየ መሆኑ ነው። አንዳንዶቹ ቁጥሩን በራሳቸው ሰርቨር ላይ ያስቀምጡና በኤፒአይ ጠይቁን ይላሉ። አንድ ጊዜ ፈቃድ ትሰጣላችሁ፣ ቶክን (በይለፍ ቃል ፈንታ የሚያገለግል ዲጂታል ቁልፍ) ይሰጣችኋል፣ በዚያ ቶክን ሰርቨራችሁ እየሄደ ያመጣል። የሚያመጣውም በልክ ነው፤ አምባርና ሰዓት ሠሪው ፊትቢት ለምሳሌ ለአንድ ተጠቃሚ በሰዓት ከ150 ጥያቄ በላይ አያስተናግድም። በደቂቃ የተቆጠረ የዓመታት የልብ ምት በዚህ በኩል ሲመጣ ሌሊቱን ሙሉ ይንጠባጠባል። አፕል ዘንድ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሄልዝኪት መረጃውን የሚያኖረው ስልኩ ላይ ስለሆነ ሄዳችሁ የምትጠይቁት ሰርቨር የለም። ወይ ስልኩ ላይ ያለ መተግበሪያ ይልክላችኋል፣ ወይ ከጤና መተግበሪያው «ሁሉንም አውጣ» ብላችሁ አንድ ትልቅ ኤክስኤምኤል ፋይል ትቀበላላችሁ። ከአንድሮይድ 14 ጀምሮ የስልኩ አካል የሆነው ሄልዝ ኮኔክትም እንዲሁ ስልኩ ላይ ነው የሚኖረው።

ያን ኤክስኤምኤል ፋይል በጽሑፍ ማንበቢያ ከፍቼ ያየሁበትን ምሽት እወደዋለሁ። እያንዳንዱ መስመር አንድ ልኬት ነው። የልኬቱ ዓይነት፣ የለካው መሣሪያ ስም፣ መለኪያው፣ የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት ከነሰዓት ቀጠናው፣ በመጨረሻ ዋጋው። አንድ ማለዳ ደረጃ ስወጣ የነበረኝ የልብ ምት፣ ቀጥሎ ስቀመጥ የወረደበት፣ ሁሉም ተራ በተራ ተሰልፏል። መተግበሪያው ለዓመታት በክብ ሥዕልና በቀስት እየሸፈነ ሲያሳየኝ የኖረው ይህንኑ ነበር። ከመስመሩ ክፍሎች የመሣሪያው ስም ያን ቀን ከቁም ነገር የምቆጥረው አይመስለኝም ነበር፤ ቆይቶ ግን ከዋጋው እኩል አስፈላጊ ሆኖ አገኘሁት።

መስመሩ የወደቀበት ቦታ

ሁሉም ገብቶ ሲያልቅ መጀመሪያ የከፈትኩት የእረፍት የልብ ምትን ነበር። የሐኪሟ መልስ እዚያ ነበር፤ ከፍ ማለት የጀመረው እሷ ዘንድ ከመሄዴ ወራት ቀደም ብሎ ነው። በጣም ደስ አለኝ። ወደ ሌላው ግራፍ አለፍኩ።

ሌላው ኤችአርቪ የሚባለው ነው፤ በልብ ምቶች መካከል ያለው ክፍተት ምን ያህል እንደሚለዋወጥ በሚሊሰከንድ የሚነግር ቁጥር። ሰዓት ያሰረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ዝቅ ሲል መተግበሪያው «ዛሬ እረፍት ያስፈልጎታል» ይላል። የእኔ መስመር ለረጅም ጊዜ በ60 ዙሪያ ከፍ ዝቅ ሲል ይቆይና በአንድ ሌሊት ወደ 30 አካባቢ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ እዚያው ቀረ። ቀስ እያለ ቢወርድ እርጅናን ወይም ድካምን ባሰብኩ። ይህ ግን እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ነው የወደቀው።

ቀኑን አየሁት። ቀለበቱን ያደረግኩበት የመጀመሪያ ሌሊት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ላስብ፤ ያን ምሽትም ቆሜያለሁ። ግራፉ ውሸት አልተናገረም። ሰዓቱ 60 ያለው እውነት ነው፣ ቀለበቱ 30 ያለውም እውነት ነው። ግራፎቹን የሚያሳየው ገጽ፣ ዳሽቦርዱ፣ ግን ሁለቱን በአንድ ቀለም፣ በአንድ መስመር፣ በአንድ ስም ቀጥሎ ስለሳላቸው፣ በሁለቱ መካከል የሆነው ነገር ሁሉ በእኔ አካል ላይ የደረሰ መሰለ። የልብ ሕመም ያለበት ሰው፣ ወይም መድኃኒት የቀየረ ሰው፣ ወይም ያለምክንያት የሚሰጋ ሰው ያን ግራፍ ቢያይ ምን ይሰማው ነበር?

ምክንያቱ ሒሳብ ነው፤ ሒሳቡን በእጅ መሥራት ይቻላል። ኤችአርቪ በሚል ስም ቢያንስ ሁለት ቀመሮች ይኖራሉ። አንደኛው ኤስዲኤንኤን ይባላል፤ ሁሉም ክፍተቶች ከአማካያቸው ምን ያህል እንደሚርቁ ይለካል፤ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ነው። ሁለተኛው አርኤምኤስኤስዲ ነው፤ አንዱ ክፍተት ከሚቀጥለው ምን ያህል እንደሚለይ ብቻ ይመለከታል። አፕል ሄልዝኪት የሚመዘግበው የመጀመሪያውን ነው፤ ሄልዝ ኮኔክት ሁለተኛውን ነው። ኦውራ የተባለው ቀለበትና ዉፕ የተባለው አምባርም ሁለተኛውን ይጠቀማሉ። ልብ በሰባት ተከታታይ ምቶች መካከል 800፣ 820፣ 840፣ 860፣ 880፣ 900 ሚሊሰከንድ እየቆየች መታች እንበል። አንዱ ከቀጣዩ የሚለየው ሁልጊዜ በ20 ስለሆነ አርኤምኤስኤስዲ 20 ነው። ኤስዲኤንኤን ግን ወደ 37 ይጠጋል፤ ቀስ ብሎ የተዘረጋውን ርቀት ሁሉ ስለሚቆጥር።

አሁን ደግሞ ልቧ 800፣ 900፣ 800፣ 900፣ 800፣ 900 እያለች ብትመታ አርኤምኤስኤስዲ 100 ይሆናል፣ ኤስዲኤንኤን 55 ገደማ። በመጀመሪያው ምሳሌ ኤስዲኤንኤን ነበር ትልቁ፤ በሁለተኛው ተገላበጠ። ይህን ወረቀት ላይ ሳየው አንድ የያዝኩት ሐሳብ ፈረሰ። አስቤ የነበረው የቀለበቱን ቁጥር በሁለት አባዝቼ ከሰዓቱ ጋር ለማስተካከል ነበር። የሚባዛ ነገር የለም። ሁለቱ የተለያዩ የልብ ጠባዮችን ነው የሚለኩት፤ አንዱን ወደ ሌላው የሚቀይር ቋሚ ቁጥር አይገኝም።

በዚያ ላይ ሰዓቱና ቀለበቱ የሚለኩበት ጊዜም አይገናኝም። አንዱ ቀኑን ሙሉ እዚህም እዚያም አጭር ናሙና ይወስዳል፤ ሌላው ሌሊቱን ሙሉ ለክቶ አማካዩን ይሰጣል። ቁጭ ብዬ ስሠራ የተለካና ከባድ እንቅልፍ ውስጥ ሆኜ የተለካ በአንድ ሚዛን አይቀመጥም።

ደግነቱ ሁለቱንም አብሬ ያደረግኩባቸው ሌሊቶች ነበሩ። መስመሩን በመሣሪያ ስም ለየሁትና ሁለቱን አንዱን ከላይ ሌላውን ከታች አድርጌ አየኋቸው። ከፍታቸው ይለያያል፤ አካሄዳቸው ግን በብዛት ይመሳሰላል። ጉንፋን በያዘኝ ሰሞን ሁለቱም ወረዱ። ሳገግም ሁለቱም ቀና አሉ። ስለዚህ ከቁጥሩ የሚገኝ እውቀት አለ፤ የሚገኘው ግን እያንዳንዱን መሣሪያ ከራሱ ትናንት ጋር ሲያወዳድሩት ነው። ቀለበቱ ስለ ሰዓቱ ምንም ሊነግረኝ አይችልም። ስለ እኔ ግን ይነግረኛል፤ ቀለበቱ ራሱ ባለፈው ወር ካለው ጋር ሳስተያየው።

ማን ቆጠረው?

ከዚያ ወዲህ «መረጃን አንድ ማድረግ» የሚለው ሐሳብ ለእኔ ትርጉሙ ሌላ ሆነ። መጀመሪያ ላይ ሁሉንም በአንድ ዓምድ ማፍሰስ ይመስለኝ ነበር፤ የልብ ምት ዓምድ፣ የእርምጃ ዓምድ፣ የእንቅልፍ ዓምድ። ብዙ ሶፍትዌሮችም የሚሠሩት እንዲሁ ነው፤ ሲታይ ያምራል። ግን «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ነው። ምንጩ አንድ ጊዜ ከተጣለ በኋላ የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ መልሶ የሚለቅም የለም።

እርምጃን ተመልከቱ። ስልክ በኪስ፣ ሰዓት በእጅ ሆኖ የተሄደ መንገድ ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል። ጥሬውን ፋይል ዝም ብሎ የደመረ ሰው ከሄደው እጥፍ ገደማ ሊያገኝ ይችላል። የአፕል የጤና መተግበሪያ ይህን የሚፈታው ምንጮችን በቅደም ተከተል በማስቀመጥ ነው፤ በአንድ ጊዜ ውስጥ ሁለት ምንጭ ከተገኘ ከፍ ብሎ የተቀመጠው ይወሰዳል። ይህ በጎ ውሳኔ ነው፤ ውሳኔ መሆኑ ግን መታወቅ አለበት። ሰዓቴን ቻርጅ ላይ ትቼ ስልክ ብቻ ይዤ የወጣሁበት ሰዓት አለ፤ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ትቼ ሰዓት ብቻ ያሰርኩበትም አለ። በራሴ ሰርቨር ላይ ይህን የሚወስነው ጥቂት መስመር ኮድ ነው፤ ከፍቼ አነበዋለሁ፣ ካልተስማማኝ እቀይረዋለሁ፣ ጥሬው ግን አይነካም።

እንቅልፍ ይብሳል። ከእኩለ ሌሊት በፊት ተኝቶ ንጋት ላይ የተነሳ ሰው እንቅልፉ የትኛው ቀን ላይ ይጻፍ? አንዳንዱ በተነሳበት ቀን ይጽፈዋል። አንዳንዱ ሰዓቱን ያለ ሰዓት ቀጠና ይሰጥና አገር አቋርጦ የተጓዘን ሰው ሌሊት ያዛባዋል። የእንቅልፍ ደረጃዎችም ስማቸውም ልካቸውም አንድ አይደለም፤ አንዱ «ቀላል» ያለውን ሌላው «ዋና» ይለዋል፣ የእንቅልፍ ሐኪሞች ደግሞ በአንጎል ሞገድ ለክተው በራሳቸው አከፋፈል ያስቀምጡታል። ከእጅ ቆዳ ላይ በአረንጓዴ ብርሃንና በእንቅስቃሴ ተገምቶ የተገኘ «ጥልቅ እንቅልፍ» ግምት ነው። ጥሩ ግምት ሊሆን ይችላል። ግምት እንደሆነ ግን ከነስሙ መቀመጥ አለበት።

ሌላም ያልጠበቅኩት ነገር አለ። መሣሪያው ሳይቀየር ውስጡ ያለው ሶፍትዌር ይቀየራል። አንድ ማለዳ ማሻሻያ ይጫናል፤ ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ጥልቅ እንቅልፍ ይረዝማል ወይም ያጥራል። ስለዚህ አሁን ከእያንዳንዱ ልኬት ጎን የመሣሪያውን ስም ብቻ ሳይሆን የሶፍትዌሩን ስሪትም ማኖር ጀምሬያለሁ፤ አምራቹ በሚሰጥበት ቦታ ሁሉ። ግራፉ ላይ ቀጭን ቋሚ መስመር ይሠመራል፤ እዚህ ጋ የተቀየረው ሰውዬው አይደለም ለማለት።

በአንድ ቁጥር የሚጠቃለል ነገር ላይ ያለኝ እምነት የቀነሰውም ከዚህ የተነሳ ነው። «ዛሬ ዝግጁነትዎ 74» የሚል መተግበሪያ ከበስተጀርባው የልብ ምት፣ እንቅልፍ፣ ሙቀት፣ ኤችአርቪ ደባልቋል። የድብልቁን መጠን አይነግረኝም። 74 ከሆነ ምን ላድርግ? ትናንት 81 የነበረው ምኑ ወርዶ ነው? ለእኔ ከዚያ ይልቅ አራቱ ለየብቻ፣ ከነምንጫቸው ቢቀርቡልኝ እመርጣለሁ። ያደክማሉ። ሐኪም ፊት ግን ይቆማሉ።

አንጠብቅም ያሉት

ይህን ሁሉ ስሠራ ብቻዬን እንዳልሆንኩ የሚያስታውሰኝ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ጆን ኮስቲክ የሚባል የሶፍትዌር ባለሙያ ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ያለበት ትንሽ ልጅ ነበረው። ልጁ የደም ስኳሩን ያለማቋረጥ የሚለካ ዴክስኮም መሣሪያ ያደርጋል፤ ቁጥሩን የሚያሳየው ግን ከልጁ አጠገብ ያለችው ትንሽ መቀበያ ብቻ ናት። ልጁ ከቤት ውጭ ሲውል አባት ሥራ ቦታው ሆኖ ስኳሩ ይውረድ ይውጣ አያውቅም። ኮስቲክ መቀበያዋ ቁጥሩን በምን መልክ እንደምትይዝ መረመረ፤ ከዚያ አውጥቶ ወደ ኢንተርኔት ላከው። ሌሎች ወላጆች ሰሙ፣ ኮዱን ተቀባበሉት፣ ናይትስካውት የተባለው የጋራ ፕሮጀክት ሆነ። መፈክራቸው «አንጠብቅም» የሚል ነበር። ኩባንያው እስኪያስብበት፣ ተቆጣጣሪው እስኪፈቅድ፣ የሚቀጥለው ሞዴል እስኪወጣ አንጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ዳና ሉዊስ ከባልደረቦቿ ጋር ኦፕንኤፒኤስን ለሁሉም ክፍት አደረገች፤ የስኳሩን ቁጥር አንብቦ የኢንሱሊን ፓምፑን የሚያስተካክል አሠራር ነው።

ናይትስካውትን እያንዳንዱ ቤተሰብ በራሱ ሰርቨር ላይ ነው የሚያስነሳው። ኮዱን ግን ሁሉም በጋራ ያበጁታል፤ አንዱ ስሕተት ያገኛል፣ አንዱ ያርማል፣ አንዱ መመሪያ ይጽፋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ሳየው ነው የሚገባኝ። የአንድ አምባር የብሉቱዝ ቋንቋ ለመፍታት አንድ ሰው ወራት ይፈጅበታል፤ ከተፈታ በኋላ ግን ያን አምባር ላሰረ ሁሉ ተፈታ።

የኩባንያ ሰርቨር ብቻ ማመን የሚያስፈራውም በምክንያት ነው። አምባር ሠሪው ጆውቦን እ.ኤ.አ. በ2017 ተዘጋ። ፔብል ለፊትቢት ተሽጦ ሰርቨሮቹ በ2018 ቆሙ፤ ሰዓቶቹን በሕይወት ያቆዩት ሬብል ብለው የተሰባሰቡ ሰዎች ናቸው። ፊትቢት ራሱ በ2.1 ቢሊዮን ዶላር ለጉግል ተሽጦ ሽያጩ በጥር 2021 አለቀ። በሐምሌ 2020 ሰዓት ሠሪው ጋርሚን በራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ በሚጠይቅ የጥቃት ሶፍትዌር) ተመትቶ አገልግሎቱ ለቀናት ተቋረጠ፤ ሰዎች ሰዓታቸው እጃቸው ላይ እያለ የሮጡትን ማየት አልቻሉም። ሩጫና ብስክሌት የሚመዘግበው መተግበሪያ ስትራቫ የተጠቃሚዎቹን መንገድ ደምሮ ባወጣው ካርታ ላይ ደግሞ በጥር 2018 የጦር ሰፈሮች አቀማመጥ ተገኘበት። አንድም ሰው ስሙ አልተጻፈም ነበር፤ የእግሩ መንገድ ብቻ በቃ።

ሕጉም የሚረዳው የተወሰነ ነው። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ የሚሠራው የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ሕግ በአንቀጽ 20 ሰው መረጃውን ኮምፒውተር ሊያነበው በሚችል መልክ ተቀብሎ እንዲወስድ መብት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የአሜሪካ የሕክምና መረጃ ሕግ ግን ሆስፒታልንና መድን ሰጪን እንጂ ሰዓት ሻጭን በአብዛኛው አይዝም። ሆስፒታል የለካው የልብ ምትና ሰዓት የለካው የልብ ምት የአንድ ሰው ልብ ሆነው በሕግ ፊት ግን የተለያየ ጥበቃ አላቸው።

አደራው የእኔ ሲሆን

በራስ ሰርቨር ማስቀመጥ ነፃነት ነው ብለው የሚጽፉ ሰዎች ግማሹን ነው የሚነግሯችሁ። ሌላው ግማሽ ጥበቃው በእናንተ ላይ መውደቁ ነው። ኮምፒውተሬ ከኢንተርኔት በቀጥታ አይታይም፤ ከውጭ የምገባው ዋየርጋርድ በሚባል የተመሰጠረ መስመር ነው። ዲስኩ ተመስጥሯል። መጠባበቂያ ቅጂው ሌላ ቦታ አለ፤ አልፎ አልፎ ከቅጂው መልሼ አስነስቼ ሙሉ መሆኑን አያለሁ፤ ተመልሶ ያልተሞከረ ቅጂ ቅጂ አይባልም። ከሁሉ ይልቅ የምጠነቀቀው ለቶክኖቹ ነው። ያን ቶክን ያገኘ ሰው ይለፍ ቃሌን ሳያውቅ ከኩባንያው ሰርቨር ላይ እንቅልፌን ማንበብ ይችላል።

አደራ የሚለው ነገር በደንብ የገባኝ ግን አባቴ «ለእኔም አምባር አድርጊልኝ፣ ከአንቺው ጋር ይቀመጥ» ያለኝ ጊዜ ነው። ደስ ብሎኝ አዘጋጀሁለት። ካሰረ በኋላ ግራፉን ላሳየው ቁጭ አልን። የእረፍት የልብ ምቱን አየ፣ እርምጃውን አየ፣ ተደሰተ። ወደ እንቅልፉ ስናልፍ ዝም አለና «ልጄ፣ ሌሊት የምነሳበትን ሁሉ ታዪዋለሽ ማለት ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። «እሱ ይቅር» አለ። ሌላ ምንም አልጨመረም።

ሰርቨሩ የእኔ መሆኑ ለእሱ ከኩባንያው ሰርቨር የተለየ አልነበረም፤ እንዲያውም የማታውቀው ድርጅት ከሚያይህ የገዛ ልጅህ ስታይህ ይከብዳል። ያን ቀን የእንቅልፍ ሠንጠረዡን ዘጋሁት። አሁን አባቴ የራሱ መግቢያ አለው፤ ለእኔ የሚታየኝ እሱ የፈቀደው ብቻ ነው፣ ፈቃዱንም በፈለገ ጊዜ ራሱ ያነሳል። ዳታቤዙን የማስተዳድረው እኔ ስለሆንኩ ከፈለግኩ ማለፍ እንደምችል ነግሬዋለሁ፤ ይህን ሳልነግረው ፈቃድ ወስጃለሁ ማለት አልችልም ነበር። ቀጣዩ ሥራዬ የእንቅልፉ ክፍል በእሱ ቁልፍ ብቻ እንዲከፈት ማድረግ ነው። ለቤተሰብ ይህን የምትሠሩ ሁሉ ከግራፉ በፊት ይህን ጨርሱ።

አሁን አዲስ መሣሪያ ሳስብ የምጠይቀው ጥያቄ ተቀይሯል። ስንት ነገር ይለካል የሚለውን ትቼዋለሁ። በምቶች መካከል ያሉትን ክፍተቶች ከነሰዓታቸው ይሰጠኛል ወይ? የብሉቱዝ መደበኛ የልብ ምት አገልግሎት ለእነዚህ ክፍተቶች ቦታ አለው፤ በሰከንድ 1/1024 እየተቆጠሩ ይላካሉ፤ እንደ ፖላር ኤች10 ያሉ የደረት ማሰሪያዎች ይልኳቸዋል። ክፍተቶቹ እጄ ከገቡ ኤስዲኤንኤንም አርኤምኤስኤስዲም እኔው አወጣለሁ፤ ነገ የተሻለ ቀመር ቢመጣ በትናንቱ ሌሊት ላይ ይሠራል፤ መሣሪያ ብቀይርም በአንድ ቀመር አሰላዋለሁ። የተጠናቀቀ ውጤት ብቻ ሰጥቶ ክፍተቶቹን የሚያስቀርብኝን አልገዛም።